አርተር ራምቦ

አርተር ራምቦ (ኦክቶበር 20 ቀን 1854 – ኖቬምበር 10 ቀን 1891) ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ በኋላም በሐረር የኖረ ነጋዴ ነበረ። ዓለም የሚያውቀው በወጣትነቱ በጻፋቸው ግጥሞች ነው። ሐረርን ፎቶግራፍ ካነሱ ቀደምት ሰዎች አንዱ መሆኑ ግን ብዙም አይነገርለትም። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሐረር መምጣቱ

የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ነው። ሃያዎቹን እንደ ጀመረ ግጥም መጻፉን ትቶ በየአገሩ ሲዞር ቆየ፤ በ1880 ኤደን ደርሶ በባርዴ የቡና ንግድ ድርጅት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ተላከ። ከዘይላ ተነሥቶ በረሃውን በፈረስ ለማቋረጥ 20 ቀን ፈጀበት። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብፅ ጦር እጅ ነበረች፤ ግሪኮችን ጨምሮ ጥቂት የውጭ ነጋዴዎችም ይኖሩባት ነበር።

የፎቶግራፍ ሥራው

ራምቦ ስለ ሐረርና ስለ አካባቢው ሕዝብ ካርታና ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለማቅረብ አሰበ። ካሜራውን ከነመሣሪያው ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን ከተማ አዘዘ። 1,850 ፍራንክ ገደማ የወጣበት ይህ ዕቃ እናቱን አስቆጥቷል። በመንገድም ተሳስቶ ሞሪሸስ ድረስ ሄዶ ስለነበር ኤደን የገባው በ1883 መጀመሪያ ነው።

ገበያ አላጣም። ፎቶ መነሣት የሚፈልገው ብዙ ነበር፤ ለአንድ ፎቶ አንድ ጊኒ የሚከፍልም እንደነበረ ለቤተሰቡ ጽፏል። ያስቸገረው ውሃው ነው። የታተመ ፎቶ ኬሚካሉ ተጠርጎ እስኪወጣ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት፤ አለዚያ ምስሉ እየነጣ ይጠፋል። በሜይ 1883 ለእናቱና ለእኅቱ የላካቸው ሦስት ፎቶዎች የደበዘዙት በውሃው መጥፎነት መሆኑን ራሱ ገልጿል። ሦስቱም የራሱ ናቸው፦ አንዱ በቤት ሰገነት ላይ፣ አንዱ በቡና ተክል መካከል፣ አንዱ እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል ውስጥ። ፊቱ በቅጡ አይለይም።

ከሌሎቹ ሥራዎቹ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአንዱ የሥራ ባልደረባው ግሪካዊው ሶቲሮ ይታያል፤ በሌላው የቡና ማጓጓዣ ከረጢት የሚሠራ የሐረር ሰው አለ። እንደ ራምቦ ከባሕር ማዶ የመጣው ሶቲሮ በስሙ ሲታወቅ ከረጢት ሠሪው የሚታወቀው በሥራው ብቻ ነው። ለሐረር ታሪክ የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ መጽሐፉ የታሰበው ስለ አገሬው ነበርና።

ሶቲሮ ኦጋዴን ድረስ ተጉዞ ባመጣው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ራምቦ የጻፈው ዘገባ በ1884 በጂኦግራፊ ማኅበሩ ታትሟል። ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ግን አልወጣም። በዚያው ዓመት የሐረር ቅርንጫፍ ተዘጋ። ራምቦ በ1885 ካሜራውን እየቆጨው ሸጠ፤ በገንዘብ ግን አልከሰረበትም።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ገባ፤ ከ1888 ጀምሮ እንደገና በሐረር ነገደ። በ1891 ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ተወሰደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ በ37 ዓመቱ ሞተ።

በጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም ከእርሱ ሞት በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ለጎብኚ የሚቀርቡት በዚህ ቤት ነው።