ልጁን ሳይቀብር የሞተው ደራሲ

ቀብሮ ማልቀስም ዕድል መሆኑን እናንተ ዕድርተኞች ታውቃላችሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ በ1865 (ዘመኑን በፈረንጆች ነው የጻፍነው) ቦምቤይ ተወለደ፤ በ1907 ኖቤል ተሸለመ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ብቸኛ ወንድ ልጁ ጆን ዓይኑ ደካማ ነው ተብሎ ከምልመላ ተመለሰ። አባት ግን ትልቅ የጦር ሹም ወዳጁን ለምኖ አስገባው። ይኼ አማላጅነት ባይኖር ምን ነበረበት እንላለን! ልጁ ገና በ18 ዓመቱ በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ ሎስ ላይ ጠፋ። አባትና እናት ከውጊያው የተረፉ ቁስለኞችን እየፈለጉ ጠየቁ፤ ሬሳው አልተገኘም።

ኪፕሊንግ በ1917 የወታደሮች መቃብር ኮሚሽን አባል ሆነ። መኮንኑም ተራው ወታደርም እኩል ድንጋይ እንዲቆምለት ተከራከረ፤ ስሙ ላልታወቀውም አምላክ እንደሚያውቀው የሚገልጸውን ጽሑፍ ያወጣ እሱ ነው። በ1936 ሞተ። የጆን ነው በተባለው መቃብር ላይ ስሙ የተጻፈው በ1992 ነው።