የእቴጌ ሆቴልና የእኛ የዱቤ ደብተር



ባለፈው ዓመት ለባዛር አዲስ አበባ የሄድን ጊዜ ግማሽ ቀን ተርፎን ነበር። ምን እንይ ብለን ተመካከርንና ፒያሳ የሚገኘውን ጣይቱ ሆቴልን መረጥን። ከመንደራ ቆጪ የሄድነው ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። በሩ ላይ ስንደርስ ትንሽ ፈራን። ሆቴል ማለት ለባለ መኪናና ለፈረንጅ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ነንና። እንደምንም ገብተን የጾም ምሳ በላን፣ አሮጌውን ቤት ዞረን አየን፣ ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን። ይህን ጽሑፍ ያመጣው ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተነሳው የራሳችን ጉዳይ ነው።

እንደምታውቁት ማኅበራችን የከፈታት የምግብና የቡና ቤት ደንበኛ አላጣችም። የጠፋው ከፋይ ነው። የሚመጣው ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ነው። ለእነዚህ ሰዎች እንጀራ አቅርቦ ብር መጠየቅ ለብዙዎቻችን ነውር ይመስለናል። ስለዚህ በዱቤ ይጻፋል። ሒሳቡን የምንሠራው እኛ ነንና እናውቀዋለን፤ የዱቤው ደብተር ከሽያጩ ደብተር ወፍሯል። ሆቴሉን የከፈቱት ሴትም የገጠማቸው ይኸው ችግር መሆኑን ስንሰማ፣ ሕይወታቸውን ለእናንተ ለመጻፍ ወሰንን።

ጣይቱ ብጡል ከሰሜንና ከየጁ መኳንንት ወገን የተወለዱ ናቸው። ለሴት ልጅ ትምህርት ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። የመጀመሪያ ትዳሮቻቸው አልሰመሩላቸውም። በ1875 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩትን ምኒልክን አንኮበር ላይ አገቡ። ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን የቤቱም የመንግሥቱም ምክር ያለ እርሳቸው የማይሞላ ሆነ።

ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁት ግብር ለቀናት የዘለቀና ሲወራለት የኖረ ነው። ለእንዲህ ያለ ድግስ በርበሬው፣ ጠጁ፣ እንጀራው፣ ከብቱ ሁሉ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ከመካከላችን ለሠርግ ምግብ አብስላ የምታውቅ ሴት ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አይጠፋትም።

በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ምክንያት ከጣሊያን ጋር ክርክር ሲነሳ አቋማቸው የጠነከረ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። መቀሌ ላይ ምሽጉን የያዘው የጣሊያን ጦር ውኃ እንዲቆረጥበት ያደረገው ዘዴ የእርሳቸው እንደሆነ በታሪክ ይነገራል። ከዚያ ዓድዋ ሆነ።

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ በመልእክተኛና በነጋዴ ተጨናነቀች። እስከዚያ ድረስ የክብር እንግዳ ከቤተ መንግሥት ድርጎ እየተሰፈረለት ይቀመጥ ነበር። ነጋዴው ደግሞ ወይ በድንኳን ያድራል፣ ወይ ዘመድ ጋ ይወርዳል። በዚያ ዘመን የእኛ ጅማ በዳግማዊ አባ ጅፋር ሥር ሆና ለምኒልክ ግብር ትከፍል ነበር። ከሂርማታ ገበያ ተነስቶ ረጅም መንገድ የሚሄድ ነጋዴም የሚያድረው እንደዚሁ ነበር። ገንዘብ ከፍሎ መብላትና ማደር በሰፊው አልተለመደም።

እቴጌ ሆቴሉን ያቋቋሙት በዚህ ጊዜ ነው። ሆቴሉ ልደቱን ከ1898 ዓ.ም. ይቆጥራል፤ በአገራችንም የመጀመሪያው ሆቴል ይባላል። ሲነገር እንደቆየው፣ በመጀመሪያ ሰው አልመጣም። እንግዳ ይጋበዛል እንጂ ወጥ ይሸጥለታል ወይ ያሰኘ ነበር። እቴጌ ይህን ለባለቤታቸው አዋዩ። ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያም እንደማንኛውም ሰው ሒሳብ ከፈሉ። ንጉሡ ሲከፍሉ ያየ መኳንንት በተራው ወዳጁን እየጋበዘ መክፈልን ለመደ።

የእቴጌ አሳብ በሆቴል ብቻ አላበቃም። በዚያው በ1898 ዓ.ም. የውጭ ሰዎች ገንዘብ ያለበት የአቢሲኒያ ባንክ ተከፍቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለእርሻና ለንግድ የሚረዳ አገር በቀል የገንዘብ ማኅበር ሲቋቋም ከፊት ከቆሙት አንዷ እርሳቸው ነበሩ። እኛ ቁጠባ በሳንቲም የጀመርን ሴቶች ይህን ስናውቅ ደስ ብሎናል።

መጨረሻቸው ግን ቀላል አልነበረም። ምኒልክ በጽኑ ሲታመሙ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌ እጅ ገባ። በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ጉዳይ አገለሏቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ማርያም ተመለሱ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። አጽማቸው ዛሬ በበዓታ ከባለቤታቸው ጋር ይገኛል። ሥልጣኑ ከእጃቸው ቢወጣም በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ቀረ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን ቢያቃጥለውም እነሆ እኛ ምሳ እስክንበላበት ደርሷል። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ሒልተንንም ሸራተንንም አይታለች፤ እኛን የሳበን ግን ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ወደ ደብተራችን እንመለስ። ከእቴጌ ሕይወት የወሰድነው አንድ ነገር ነው። ሰው መክፈልን የለመደው ስለተለመነ ሳይሆን፣ የሚያከብረው ሰው ቀድሞ ሲከፍል ስላየ ነው። እኛስ? እውነቱን ለመናገር በዱቤው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው የኮሚቴ አባላት ስም ነው፤ ሒሳብ የምንሠራው የእኛም ስም አለበት። ይህን ለደጋፊዎቻችን መደበቅ አልፈለግንም። እንዲህ ከቀጠልን የጤፍና የከሰል ዋጋ አልቻል ብሎን ቤቷን እስከ መስከረም መዝጋታችን ነው። ከዚያ የሚጎዱት በእርሷ ልጅ የሚያሳድጉ እህቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን እናቀርባለን። መጀመሪያ ኮሚቴው ያለበትን ዕዳ በሙሉ ይክፈል፤ የከፈለውም በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ ወዲያ ዱቤ ይቁም። እኛ የራሳችንን ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ከፍለን ደረሰኝ ቆርጠናል።

ጎረቤት ይከፋብናል ብላችሁ የምትሰጉ እናቶቻችን አላችሁ። ቤታችን የመጣ ሰው ቡና ሳይጠጣ አይሄድም፤ ይህ የጅማ ወግ ነው፣ ማንም አይነካውም። የማኅበሩ ምጣድ ግን የሁላችንም መተዳደሪያ ነው። እቴጌ በቤተ መንግሥት ሺህ ሰው በነጻ አብልተዋል፤ በሆቴላቸው ግን ንጉሡም ከፍለዋል።