የበር ጠባቂው ልጅ

በዋብ በዐረብኛ በር ጠባቂ ማለት ነው። ዐሊ ኢብኑ ሂላል (ረሒመሁላህ) በታሪክ የሚታወቀው በአባቱ ሥራ ነው፤ ኢብኑል በዋብ፣ የዘበኛው ልጅ። በባግዳድ ሲጀምር የሰው ቤት በቀለም ያስጌጥ ነበር። ከዚያ መጻሕፍትን ወደ ማስዋብ፣ ቀጥሎም ወደ ጽሕፈት ተሻገረ። ቁርኣንንም በቃሉ ያዘ።

የተማረበት መንገድ በ328 ሒጅራ የሞተው ወዚሩ ኢብኑ ሙቅላ የዘረጋው ነው። ብዕሩ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚተወው ባለ አራት ማዕዘን ነጥብ መለኪያ ይሆናል። አሊፍ በነጥብ ይለካል፤ የአሊፍ ቁመት የክብ ዳያሜትር ይሆንና የሌሎቹ ፊደላት ልክ ከዚያ ይወጣል። በድሮዊንግ ክፍል በኮምፓስና በማስመሪያ የምንታገል ሁሉ ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ልኩን ማወቅ ግን የአንድ ቀን ትምህርት ነው፤ እጅ የሚታዘዘው የመምህሩን ፊደል ፊት ለፊት አስቀምጦ ያንኑ ደጋግሞ በመጻፍ ብቻ ነው። ሉሕ ላይ ጽፈን፣ አጥበን፣ እንደገና የጻፍን እናውቀዋለን።

እጁ ምን ያህል እንደታዘዘለት የሚያሳየውን ታሪክ የዘገበው ያቁት አል-ሐመዊ ነው። በሺራዝ የገዥው የበሃኡ ደውላ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሳለ፣ ከተጣሉ መጻሕፍት መካከል በጥቁር ቆዳ የተጠረዘ አንድ ጁዝእ አገኘ። ኢብኑ ሙቅላ በእጁ ከጻፈው ባለ 30 ጁዝእ ሙስሐፍ አንዱ ነበር። ፈልጎ ፈልጎ 29 አገኘ፤ አንዱ ጠፋ። የጎደለውን እርሱ እንዲጽፈውና ገዥው መለየት ካቃተው የክብር ልብስና 100 ዲናር እንዲሰጠው ተስማሙ።

ከሙስሐፉ ጋር የሚመሳሰል አሮጌ ወረቀት ከቤተ መጻሕፍቱ ፈልጎ ጻፈ፤ ወርቁንም ያረጀ አስመሰለው። ከነባሮቹ የአንዱን ሽፋን አውልቆ ለራሱ ጁዝእ አለበሰው፤ ለተራቆተው አዲስ ሠርቶ አስረጀው። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ገዥው 30ውን አንድ በአንድ ገለጠ፤ መለየት አልቻለም። ነገሩ በሁለቱ መካከል ምስጢር ሆኖ እንዲቀር አደረገ።

ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ የሚል ከእኛ መካከል አይጠፋም። ገዥው አውቆ ተስማምቷልና ኢብኑል በዋብ እርሱን አላታለለም እንላለን። ምስጢሩ ግን አይዋጥልንም፤ ከእነርሱ በኋላ ያንን ሙስሐፍ የሚከፍት ሰው ማን እንደጻፈው የማወቅ መብት ነበረው።

ሽልማቱ ዛሬ ነገ እየተባለ ቆየ። ተስፋ ሲቆርጥ፣ በልብሱና በዲናሩ ፋንታ በቤተ መጻሕፍቱ ያለውን የተቆረጠ ነጭ የቻይና ወረቀት እንዲሰጠው ጠየቀ። ተፈቀደለት። ያለውን ሁሉ ወሰደና ለዓመታት ጻፈበት። እኛ ብንሆን 100 ዲናሩን የምንተው አይመስለንም።

ቁርኣንን 64 ጊዜ እንደጻፈ ይነገራል። በ391 ሒጅራ ባግዳድ የጻፈው፣ ከደብተራችን የሚያንስ አንድ ሙስሐፍ ዛሬ ደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ413 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1022) ባግዳድ ሞተ፤ የተቀበረውም ከኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል መቃብር አጠገብ ነው።