በዕፅዋት መዝገብ ስማቸው የቀረው ሺምፐር

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖሩና በአገሪቱ የዕፅዋት ጥናት ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሳ ሰው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1804 የተወለዱት ሺምፐር፣ በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ የዕፅዋት አሰባሳቢዎች ማኅበር ልኳቸው በ1837 ዓድዋ ገቡ። በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንትጮ አካባቢ አስተዳዳሪ ሆነው የተሾሙ ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊት አግብተውም ቤተሰብ መሠረቱ። ደጃዝማች ውቤ በ1855 በደረስጌ ጦርነት ድል ሲሆኑ ሹመታቸውን አጡ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስም በዚያ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ መካከል ዕፅዋት መሰብሰባቸውን አልተዉም።

ሺምፐር ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን በወረቀት መካከል አድርቀው፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን በመመዝገብ ይልኩ ነበር። ከአንድ ተክል የተወሰዱ በርካታ ናሙናዎችም በአውሮፓ ለሚገኙ የተለያዩ ተቋማት ይከፋፈሉ ነበር። አዲሱን ዝርያ ከታወቀው ለይተው ስም የሚሰጡት እንደ ሆክስቴተርና አሺል ሪሻር ያሉ ሊቃውንት ናቸው። በአማርኛ ሰሳ ከሚባሉት ዛፎች አንዱ የሆነው አልቢዚያ ሺምፐሪያና በእርሳቸው ስም ተሰይሟል።

ከሰበሰቧቸው መካከል ሞስ የሚባሉት ጥቃቅን አረንጓዴ ተክሎችም ይገኙበታል። ከሞሶች ብዙዎቹ በዛፍ ግንድ ላይ የሚያድጉ ሲሆን፣ አንዱ ዝርያ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው ቅጠሉና የስፖር ከረጢቱ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። በአውሮፓ ሞሶችን በመመደብ ስመ ጥር የነበሩት ዊልሄልም ፊሊፕ ሺምፐርም የአጎታቸው ልጅ ነበሩ።

ሺምፐር በ1878 በዓድዋ አረፉ። የበርሊን የዕፅዋት ቤተ መዘክር በ1943 በቦምብ ድብደባ ሲቃጠል እጅግ ብዙ ናሙናዎች ወደሙ። ያም ሆኖ ከተመሳሳይ ተክል የተወሰዱ የሺምፐር ናሙናዎች በሌሎች አገሮች ስለተቀመጡ፣ ከጥፋት የተረፈው ማስረጃ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ዝግጅትም የእርሳቸው ናሙናዎች መነሻ ከሆኑት መካከል ነበሩ። መጽሐፉ የአበባ ተክሎችንና ፈርኖችን ሲያካትት ሞሶችን አልያዘም፤ በዚህ ረገድ የሚቀረው ሥራ ብዙ ነው። ናሙናው ከሰሜን ተራሮችም ይምጣ ከድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ቦታውና ቀኑ በትክክል ካልተመዘገበ የደረቀ ቅጠል ከመሆን አያልፍም። የሺምፐር ሕይወት የሚያስተምረውም ጥንቃቄ የተሞላበት መዝገብ ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ አገር የሚጠቅም መሆኑን ነው።