ቫልሳልቫና የታፈነው ትንፋሽ

ከአየር ጤና ተነሥቶ በሰበታና በወሊሶ በኩል ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው የግቤን በረሃ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮው ይደፈንበታል። አጠገቡ የተቀመጠውም መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ፣ አፉን ገጥሞ እፍ እንዲል ይመክረዋል። ምክሩ የማን እንደ ሆነ ግን በአውቶቡሱ ውስጥ የሚጠይቅ የለም። እኛም በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ተማሮች፣ አንዱ ሰፈራችን በአየርና በጤና ስም ተጠርቶ ሳለ ስለ ትንፋሽ አለመናገራችን ደግ ስላልመሰለን፣ የባለምክሩን ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንቶንዮ ማሪያ ቫልሳልቫ በ1666 በኢጣልያ አገር ኢሞላ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከስምንት ልጆች ሦስተኛው ነው። አባቱ ፖምፔዎ ወርቅ አንጥረኛ ሲሆን ቤተ ሰቡ የተከበረ ነበረ፤ በእኛ አገር አንጥረኛ ጌጡን ሠርቶ ባስረከበ ማግስት ቡዳ ተብሎ ሲታማ መኖሩን የሚያስብ አንባቢ ይህን ልብ ይለዋል። ወጣቱ ወደ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በማይክሮስኮፕ የሳንባን ቀጫጭን የደም ሥሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው የማርቼሎ ማልፒጊ ደቀ መዝሙር ሆነ። በ1687 በሕክምና ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል በጆሮ ላይ ሠራ። ከሺህ የሚበልጥ የሬሳ ራስ እንደ መረመረ ይነገርለታል። በዚያ ዘመን ፎርማሊን የለም፤ ማቀዝቀዣም የለም። ስለ አናቶሚ ክፍል ሽታ ዘወትር የሚያማርሩት የሕክምና ተማሮች ጓደኞቻችን ይህን ይስሙልን፤ ሰውዬው ከሬሳ የወጣውን ፈሳሽ ምንነቱን ለመለየት በምላሱ እስከ መቅመስ ደርሶ ነበር።

ድካሙ በ1704 ስለ ሰው ጆሮ በላቲን ቋንቋ ጽፎ ባሳተመው መጽሐፍ ፍሬ አፈራ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የውጭ፣ የመካከለኛና የውስጥ ጆሮ እያልን የምንማረው ክፍፍል የእርሱ ነው። ከመካከለኛው ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውንም ቀጭን ቦይ ሲሰይም፣ በ1574 በሞተው በኤውስታኪ ስም ጠራው እንጂ የራሱን ስም አላኖረበትም።

ስሙን ያስጠራው ብልሃት በዚሁ መጽሐፍ ይገኛል። አፍና አፍንጫ ተዘግተው ትንፋሽ ወደ ውጭ ሲገፋ፣ አየሩ በቦይዋ ወጥቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ቫልሳልቫ ይህን ያሰበው ለመንገደኛ አልነበረም፤ በጆሮ ውስጥ የተቋጠረ መግል ተገፍቶ እንዲወጣ ነው። የመንገደኛው ነገር ሌላ ነው። ከከፍታ ወደ ቈላ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምርና የጆሮውን ታምቡር ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ቦይዋ ተከፍታ አየር ካስገባች ግፊቱ ይስተካከላል። ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት ወይም ማስቲካ ማኘክ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ በዝግታና ለአፍታ ያህል ብቻ እፍ ማለት ነው። በኀይል የሚነፋ ግን ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያዋስነውን ስስ ሽፋን ሊቀድና ማዞርንም መስማት አለመቻልንም ሊያመጣ ይችላል። ጉንፋን የያዘውም ሰው በአፍንጫው ያለውን ቆሻሻ ወደ ጆሮው ይገፋል፤ ዛሬ ሐኪሞች ከቫልሳልቫ አሳብ የሚለዩት በዚህ ላይ ነው።

በ1705 የአናቶሚ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በሆስፒታልም የማይድኑ የተባሉትን ሕሙማን ያክም ነበር። ለእኛ ከትንፋሹ ብልሃት ይልቅ ይህ ይበልጥብናል። ቍስልን በጋለ ብረት መተኰስን ተቃወመ፤ የአእምሮ ሕመምተኞችም በሰንሰለት እንዳይታሰሩና እንዳይደበደቡ፣ እንደ ሌላው ሕመምተኛ በርኅራኄ እንዲያዙ ተከራከረ። ሰንሰለቱ በአገራችን እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልቀረም። የማይድን የሚለውንም ቃል የዘነበወርቅ ሰፈር ነዋሪዎች ያውቁታል፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዘመን እንደዚያ ተብለው ወደዚያ ሆስፒታል ሲመጡ ኖረዋል። በ1965 አለርት በዚያው ቦታ ተቋቋመ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም በሽታው በጥቂት ወራት መድኀኒት የሚድን ሆኗል።

ቫልሳልቫ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ወይም ተቋርጦ ግማሽ አካሉ የሚሰንፍበትን ሰው ሲመረምር፣ ጕዳቱ ያለው ከሰነፈው ጐን በተቃራኒው በኩል መሆኑን ተመልክቶ ነበር። በ1723 በቦሎኛ የገደለው ይኸው በሽታ ነው። ስልሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ደቀ መዝሙሩ ሞርጋኒ የቀሩትን ጽሑፎቹን ሰብስቦ የሕይወት ታሪኩን ጨምሮ በ1740 አሳተመለት። ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር ሲጀምር ያሉት ሦስት ትንንሽ ከረጢቶች በስሙ የሚጠሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ብልሃቱ ራሱ ወደ ልብ የተሻገረው ከሞቱ በኋላ ነው። ትንፋሽ ታፍኖ ሲገፋ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ያይላል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፤ የልብ ምት ይፈጥናል። ሲለቀቅ ደሙ ባንድ ጊዜ ይመለስና የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ቫገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያዘገየዋል። ሐኪሞች በድንገት የሚጋልበውን አንዱን የልብ ምት ዐይነት ያለ መድኀኒት ለመመለስ የሚጠቀሙት በዚህ መዘግየት ነው። በ2015 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት፣ ሕመምተኛው በ40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ለ15 ሰኮንድ ነፍቶ ወዲያው ጠፍጣፋ ተኝቶ እግሩ ሽቅብ ሲያዝለት ከመቶ 43ቱ ወደ ትክክለኛው ምት ተመለሱ፤ በቀድሞው አኳኋን፣ እግር ሳይነሣ፣ የተመለሱት 17 ብቻ ነበሩ። ይህም የሚደረገው ምቱ በኤሌክትሮካርዲዮግራም ታይቶ ከታወቀ በኋላ ነው እንጂ ልቡ የደነገጠ ሁሉ በመኝታ ክፍሉ የሚሞክረው አይደለም።

ሳያውቁት የሚሞክሩት ግን በሰፈራችን ብዙ ናቸው። ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው በየግቢው ብረት የሚገፉ ወንድሞቻችን፣ ክብደቱ ሲከብዳቸው ትንፋሻቸውን ያፍናሉ። በ1985 በካናዳ ሲለካ፣ በዚህ ዐይነት በእግራቸው ከባድ ክብደት የገፉ ጤነኞች የደም ግፊት ከ300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አልፎ ተገኝቷል። በልጅነቱ በጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልቡ በር የጠበበበት ሰው ደግሞ፣ በአገራችንም እንዲህ ያሉ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም፣ ትንፋሹን አፍኖ ሲታገል ደም ከልቡ ማነሱን ሊቋቋም ስለማይችል ራሱን ሊስት ይችላል። ክብደቱን ሽቅብ በሚገፉበት ጊዜ እስትንፋስን ማስወጣት፣ ሲያወርዱ ማስገባት ነው፤ ሲሮጥ ወይም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረውም ጓደኛ ሲሚንቶውን ከማንሣቱ በፊት ልቡን ያስመርምር።