ኦራዚዮ አንቲኖሪና ስማቸውን የተሸከሙ ክንፋሞች

ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1811 በኢጣሊያ ፔሩጂያ ተወለዱ። በ1849 ለሮማ ሪፐብሊክ ተዋጉ፤ ሪፐብሊኩ ሲወድቅም ተሰደዱ። በስደት ዓመታቸው በትንሿ እስያ፣ ቀጥሎም በሱዳን የአባይ ተፋሰስ አእዋፍን ሰበሰቡ። በ1867 ከኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር መሥራቾች አንዱ ሆኑ።

በ1876 የማኅበሩን ጉዞ እየመሩ በዘይላ በኩል ሸዋ ሲገቡ በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ በአደን ላይ ጥይት አምልጦባቸው ቀኝ እጃቸውን ክፉኛ ቆሰሉ፤ ለቆዳ ገፋፊና ለነፍሳት ሰብሳቢ ከዚህ የከፋ ጉዳት የለም። ያም ሆኖ ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ በሰጧቸው ሌት ማረፊያ ተቀምጠው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ናሙናዎቹ ወደ ጄኖቫ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተላኩ። ቢራቢሮዎቹንና የእሳት ራቶቹን የመለየቱ ሥራ በፈረንሳይ ሬን ከተማ ለሚኖሩት ለሻርል ኦበርቱር ደረሰ። ኦበርቱር በ1880 ከዱር ሐር የእሳት ራቶች ቤተሰብ፣ ከሳተርኒዴ፣ አንዱን ዝርያ በሰብሳቢው ስም ሰየሙት፤ ዛሬ ኤፒፎራ አንቲኖሪ ይባላል። ዝርያው ከመጀመሪያው ወገኑ ወደ ኤፒፎራ ስለ ተዛወረ የሰያሚው ስም በቅንፍ ይጻፋል። የዚህ ቤተሰብ የእሳት ራቶች ክንፍ ካወጡ በኋላ አይመገቡም፤ ዕድሜያቸውም የቀናት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጡር ለማግኘት በወቅቱ በቦታው መገኘት ግድ ይላል፤ የአንቲኖሪ ድርሻም ይኸው ነበር። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጣቸው፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት ሳይሆን በሥራው ውጤት ሲመዘን፣ ከረጅም ጉዞ ይልቅ ጠቅሟል።

ወደ ኢኳቶር ሐይቆች ለመድረስ የታሰበው ጉዞ ግን ከሸፈ። ኢንጂነር ጆቫኒ ኪያሪኒ በ1879 በጌራ ሞቱ፤ ከዚያ ባሻገር ያለው የኢሉባቦር ደን፣ የሶር ወንዝ ሸለቆም ጭምር፣ ከአንቲኖሪ ስብስብ ውጭ ቀረ።

አንቲኖሪ ነሐሴ 1882 በሌት ማረፊያ አርፈው እዚያው ተቀበሩ። በማግሥቱ ዓመት ኦበርቱር ፓፒሊዮ አንቲኖሪ የተባለውን ቢራቢሮ ለዓለም አስተዋወቁ። በሌላው የአፍሪካ ምድር የዘመዶቹ እንስቶች ጅራት የሌላቸውና መራራ ቢራቢሮዎችን የሚመስሉ ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያዎቹ አብዛኞቹ እንደ ወንዱ ባለ ጅራት ናቸው። ዛሬ የፓፒሊዮ ዳርዳኑስ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ይመደባል።