ከዳንስ አዳራሽ እስከ ዐረፋ፦ የማልኮም ኤክስ ሕይወት



ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በምትገኘው መልካ ጀብዱ ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት ብዙ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ነው፤ አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያም እዚያው ነው። ልጁ ከገጠር ወይም ከሌላ ክልል ይመጣል፣ አንዲት ክፍል ይከራያል፣ ቀኑን በሥራ ያሳልፋል። ማታ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ ዒሻ ተሰግዶ የመስጂዱ በር ሲዘጋ፣ እሱ ገና እንቅልፉ አልመጣም። ኪሱ ውስጥ የመጀመሪያ ደሞዙ አለ፤ የሚያጫውተው ሰው ግን የለም። ታክሲ ተሳፍሮ ከተማ ቢገባ መብራት፣ ባንድ፣ ጭፈራና ሳቅ ያለበት ቤት ያገኛል። እዚያ ማንም ብቻውን የተቀመጠ አይመስልም።

ብዙዎቻችን ይህን ልጅ የምናስታውሰው ከጠፋ በኋላ ነው። ዛሬ የምንተርከውም የእንዲህ ያለ ልጅ ሕይወት ነው። ማልኮም ኤክስን የምናውቀው በመድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር ወይም ከሐጅ ሲመለስ በተነሱ ፎቶዎች ነው። ከዚያ በፊት ግን በእንግዳ ከተማ ሌሊቱን በዳንስ አዳራሽ የሚያነጋ ጎረምሳ ነበር። የሌሊቶቹን ታሪክ በአብዛኛው ያገኘነው እሱ ራሱ ለጸሐፊው አሌክስ ሄሊ ከተረከው ግለ ታሪኩ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈረሰ ቤት

ማልኮም ሊትል በሜይ 19 ቀን 1925 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኧርል ሊትል የባፕቲስት ሰባኪና የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ ተከታይ ነበር። እናቱ ሉዊዝ የካሪቢያኗ ግሬናዳ ተወላጅ ነበረች። ቤተሰቡ ሚሺጋን ውስጥ ላንሲንግ ሲኖር በ1929 ቤታቸው ተቃጠለ። በ1931 አባትየው በከተማ ባቡር ተገጭቶ ሞተ፤ ቤተሰቡ ግን የነጭ ዘረኞች እጅ እንዳለበት ነበር የሚያምነው። እናት ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ስትታገል አእምሮዋ ታወከና ሆስፒታል ገባች፤ ከሃያ ዓመት በላይም እዚያው ቆየች። ልጆቹ በየሰው ቤት ተበተኑ።

ማልኮም በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። የክፍል ጓደኞቹ ነጮች ሆነው ሳለ የክፍሉ ፕሬዚዳንት አድርገው መርጠውታል። ስምንተኛ ክፍል ሳለ ግን ጠበቃ መሆን እንደሚፈልግ ለአንድ መምህሩ ቢነግረው፣ መምህሩ ይህ ለጥቁር ልጅ የማይሆን ሕልም መሆኑን ገልጾ አናጢነት እንዲማር መከረው። በመምህርነት ጥቂት ዓመታት ያሳለፍን ሰዎች ይህችን ታሪክ ስናነብ ደንገጥ እንላለን። መምህሩ ነገሩን የተናገረው በአንድ ደቂቃ ነው። የልጁ ልብ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክፍሉ ወጣ።

ቦስተን፦ የአገር ልጅና የሊስትሮ ሣጥን

በ1941 መጀመሪያ፣ ገና 16 ዓመት ሳይሞላው፣ በአባቱ በኩል እህቱ የሆነችው ኤላ ወዳለችበት ቦስተን ሄደ። ኤላ ጠንካራና ቤቷን የምታከብር ሴት ነበረች። ሥራ ለመያዝ እንዳይቸኩል፣ መጀመሪያ ከተማውን እንዲያይ መከረችው። በሮክስበሪ ኮረብታማው ሰፈር ከሚኖሩት የተከበሩ ቤተሰቦች ልጆች ጋር እንዲቀራረብ ነበር ምኞቷ። ልጁ ግን እነዚያን ሰዎች ቀዝቃዛ ሆነው አገኛቸው። እግሩ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ፑል ቤቶቹ ወሰደው።

እዚያ በግለ ታሪኩ ሾርቲ ብሎ ከሚጠራው ወጣት ጋር ተዋወቀ። ሲጨዋወቱ ሾርቲም የላንሲንግ ልጅ ሆኖ ተገኘ። በባዕድ ከተማ የአገር ልጅ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ በስደት ወይም በሥራ አገሩን ጥሎ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ሾርቲ ገንዘብ አበደረው፣ ሰዎች አስተዋወቀው፣ ሥራም አገኘለት። ሥራው ሮዝላንድ በተባለው ታዋቂ የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ሊስትሮነት ነበር።

ሮዝላንድ በዘመኑ የነበሩት ትልልቅ የጃዝ ባንዶች የሚጫወቱበት አዳራሽ ነው። ዱክ ኤሊንግተን፣ ካውንት ቤዚ፣ ላየነል ሃምፕተን በዚያ መድረክ ላይ ወጥተዋል፤ ማልኮምም የታላላቅ ሙዚቀኞችን ጫማ መጥረጉን በኩራት ያስታውስ ነበር። አዳራሹ የነጮችን ሌሊትና የጥቁሮችን ሌሊት ለይቶ ነበር የሚያዘጋጀው። ሊስትሮው ሁለቱንም አየ። ቀስ በቀስም ከጫማ ቀለሙ ጀርባ ሌላ ገበያ እንዳለ ተረዳ፤ መጠጥና ማሪዋና ማቀበል፣ ሴት ለሚፈልግ ወንድ ደላላ መሆን። ጉርሻው የሚገኘው ከዚያ ነበር።

በእነዚያ ሌሊቶች ደስታ አልነበረም ብለን አንዋሽም። ማልኮም ራሱም አልዋሸም። ባንዱ ሲጀምር እግሩ አላስቆም ይለው ነበር፤ ዳንሱን ከለመደ በኋላ ሊስትሮነቱን ትቶ እንደ ደንበኛ ተመለሰ። በዱቤ የገዛውን ሰፊ ሱሪና ረጅም ኮት ለብሶ አዳራሹ ውስጥ ሲሽከረከር ሰው ክብ ሠርቶ ያየው ነበር። አናጢ ሁን የተባለው ልጅ የሰው ዓይን ያረፈበት በዚያ ቦታ ነው። ነገሩን ከዚህ አንጻር ካላየነው ወጣቶቻችን ለምን እንደሚሄዱ አይገባንም።

ለዚያ ዓይን የከፈለው ግን ብዙ ነው። ጠጉሩ እንደ ነጮች እንዲለሰልስ የሚያቃጥል ሶዳ ያለበት ውህድ ተቀባ፤ ራስ ቅሉ በእሳት የተያዘ ያህል ተሰማው። በኋላ ያንን ቀን ራሱን ማዋረድ የጀመረበት ዕለት አድርጎ ቆጥሮታል። ከአያቷ ጋር የምትኖር፣ ትምህርቷን የምትወድ አንዲት ጨዋ ልጅንም ወደ አዳራሹ ይዞ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሴት ሲል ተዋት። ልጅቱ ከዚያ በኋላ በመጠጥና በሌላም ጥፋት ሕይወቷ ተበላሸ። ማልኮም የብዙ ሰው ጥፋት አይቶ አልፏል፤ የዚህችን ልጅ ግን ራሱን ተጠያቂ እያደረገ ነው የተረከው። በክለብ የሚያልፍ ሌሊት የሚያስከፍለው ገቢውን ሰው ብቻ አይደለም፤ አብሮት የገባውንም ጭምር ነው።

ሃርለም፦ ከእንግድነት ወደ ጥፋት

ለድሬ ሰው ባቡር ምን ይዞ እንደሚመጣ መንገር አያስፈልግም፤ ከተማዋ ራሷ በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ማልኮምንም ወደ ኒው ዮርክ ያደረሰው ባቡር ነው። በቦስተንና በኒው ዮርክ መካከል በሚመላለስ ባቡር ላይ ሳንድዊች ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ። የመጀመሪያዋን የሃርለም ሌሊት በስሞልስ ፓራዳይዝ ባር፣ በአፖሎ ቲያትር አካባቢና በሳቮይ የዳንስ አዳራሽ አሳለፈ። ቦስተን ከዓይኑ ጠፋች። ብዙም ሳይቆይ በስሞልስ ፓራዳይዝ አስተናጋጅ ሆነ። ያኔ ዕድሜው 17 ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ለደንበኛ ሴት ሲያገናኝ ተይዞ ሥራውን አጣ። ለሙዚቀኞች ማሪዋና ሸጠ፣ ቁማር ተጫወተ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ዘረፈ፣ ራሱም የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ። ወደ ቦስተን ተመልሶ ቤት የሚሰብር ቡድን አቋቋመ። በ1946 መጀመሪያ የተሰረቀ ሰዓት ለማሠራት ሰጥቶ ሊወስድ ሲመለስ ተያዘ። ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ተፈረደበት። ገና 21 ዓመት አልሞላውም ነበር።

እስር ቤት፦ የማይታጠፍ ጉልበት

በቻርልስታውን እስር ቤት ሃይማኖትን ሁሉ ከመሳደቡ የተነሳ እስረኞቹ ሰይጣን የሚል ቅጽል አወጡለት። በሌሊት አብረውት የሚስቁት የአዳራሽ ጓደኞች የት እንደደረሱ አልታወቀም። ያልረሱት ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው። ኤላ ወደ ተሻለ እስር ቤት እንዲዛወር ወጣች፣ ወረደች፤ በ1948 ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ወዳለው ኖርፎክ ተዛወረ። ወንድሙ ሬጂናልድ ደግሞ የአሳማ ሥጋ እንዳይበላና ሲጋራ እንዳያጨስ የሚመክር አጭር ደብዳቤ ላከለት። ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ታዘዘ። በእስር ቤቱ ማዕድ የአሳማውን ሳህን ሳይነካ ሲያሳልፈው እስረኞቹ ተገረሙ፤ እሱም ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኮራ።

ከሁሉ የከበደው መንበርከክ ነበር። በዳንስ አዳራሽ ሰው ሁሉ ያየለት የነበረው እግር ለአላህ ሊታጠፍ እምቢ አለ። ጉልበቱን አጥፎ ለመጸለይ አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል። ሊጎነበስ ሲል ሐፍረት መልሶ ያስነሳው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌሊቶቹ ተለወጡ። መዝገበ ቃላትን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጁ ገለበጠ። መብራት ከጠፋ በኋላ ከኮሪደሩ በሚገባው ብርሃን ወለል ላይ ተቀምጦ እስከ ንጋት አነበበ።

በኦገስት 1952 ተፈታ። ሊትል የሚለውን የባሪያ አሳዳሪዎች ስም ጥሎ ኤክስ ተባለ። በ1954 የሃርለም ሰባተኛው ቤተ ጸሎት ኃላፊ ሆኖ በፊት ሲያመሽባቸው ወደነበሩት ጎዳናዎች ተመለሰ። ሱሰኞችንና የሌሊት ሰዎችን የት እንደሚያገኛቸው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ወደ እነሱ ሄደ። በ1958 ቤቲን አገባ፤ አላህም ስድስት ሴቶች ልጆች ሰጣቸው።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የገባበት የኔሽን ኦፍ ኢስላም ድርጅት የኤላይጃ ሙሐመድን መልእክተኝነት የሚሰብክ፣ ነጮችን በፍጥረታቸው ሰይጣን የሚል ነበር። ይህ ከተውሒድም ሆነ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመጨረሻ ነቢይነት ጋር የሚጋጭ እምነት ነው። ድርጅቱ ከሱስና ከወንጀል እንዳወጣው እውነት ነው፤ ወደ ትክክለኛው ዓቂዳ ግን አላደረሰውም። የመሪው የግል ሕይወት ከሚሰብከው ጋር እንደማይገጥም ሲያውቅ፣ በማርች 1964 ድርጅቱን ለቀቀ።

ሐጅ

በኤፕሪል 1964 ሐጅ ለማድረግ ጅዳ ደረሰ። በሚሊዮኖች ዘንድ የእስልምና ተናጋሪ ተደርጎ የሚታየው ሰው ሶላትን በሥርዓቱ መስገድ አያውቅም ነበር። በአየር ማረፊያው የሐጃጆች ማረፊያ ውስጥ እንደ ሕፃን ልጅ ሩኩዕ፣ ሱጁድና አቀማመጥ አስተማሩት። እግሩን አጥፎ ለመቀመጥ ሲታገል ቁርጭምጭሚቱ አመመው። ሰው እያየው ነው፤ እሱ ግን በዚህ ጊዜ አላፈረም። ከዚያ በካዕባ ጠዋፍ አደረገ፣ በዐረፋ ቆመ። ነጭ ከሚላቸው ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳህን በላ፣ ጎን ለጎን ተኛ፣ ከአንድ ኢማም ኋላ ሰገደ። ስለ ዘር የነበረው እምነት እዚያ ተሰበረ። ኤል-ሐጅ ማሊክ ኤል-ሻባዝ ሆኖ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት አፍሪካን ሲዞር አገራችን ኢትዮጵያንም ጎብኝቷል። ያቋቋመው የአፍሮ አሜሪካውያን አንድነት ድርጅት ስያሜውን የወሰደው በ1963 አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው።

በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1965 ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ቤቱ በእሳት ቦምብ ተመታ። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 21፣ በኒው ዮርክ ኦዱቦን አዳራሽ ንግግሩን ሊጀምር ሲል በባለቤቱና በልጆቹ ፊት በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 39 ነበር። ሱዳናዊው ሸይኽ አሕመድ ሐሱን አጥበው ከፈኑት። ኦዱቦንም የዳንስ አዳራሽ ነበር። በ16 ዓመቱ ሊስትሮ ሆኖ የገባበትን ዓይነት ቤት፣ በ39 ዓመቱ ሕዝቡን ለማንቃት ገብቶበት ወደ አላህ ሄደ።

ለእኛስ?

ስለ ሙዚቃ የዑለማዎችን ብይን ለመዘርዘር አልተነሳንም፤ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ማልኮም ቦስተን ሲገባ ቀድሞ ያገኘው የአገሩ ልጅ ነበር፤ ወደ አዳራሹም ወሰደው። ያ የአገር ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ያለውን ነው ያካፈለው፤ ያለው ግን ያ ብቻ ነበር። መስጂድ የሚወስደው፣ መጽሐፍ የሚያውሰው፣ ጠበቃ መሆን ትችላለህ የሚለው ሰው በዚያ ሰፈር ቀድሞ ቢያገኘው ኖሮ ከሮዝላንድ እስከ ቻርልስታውን ያለው መንገድ ይህን ያህል ይረዝም ነበርን? አላህ ያውቃል። የወንድሙ ደብዳቤ ደረሰ፤ የደረሰው ግን እስር ቤት ነው።

ዛሬ መልካ ጀብዱ ላይ አዲስ የገባ ወጣት ከጎናችን ሰግዶ ሲወጣ ስሙን እንጠይቀው። ከየት እንደመጣ፣ የት እንደተከራየ፣ እራቱን ከማን ጋር እንደሚበላ እንወቅ። ከዒሻ በኋላ ያለችውን አንዲት ሰዓት ለሻይና ለጨዋታ፣ ለቁርኣን ትምህርትም ክፍት እናድርጋት። ሌሊቱን ክለብ አድሮ ለፈጅር የመጣውንም በዓይናችን አናባርረው፤ ጉልበት መታጠፍ ለማልኮም እንኳ ሳምንት ፈጅቷል።

አላህ ለማሊክ ኤል-ሻባዝ ይዘንለት፣ ሸሂድ አድርጎም ይቀበለው። እንግዳ ወንድምና እህቶቻችንን በመልካም የምንቀድም ያድርገን። አሚን።